«ልጄ የበሬ ሥጋ አልበላም አለች፣ የኔም ጣት አበጠ»

«ሰላም እህታችን። ዕድሜዬ 54 ነው፣ አዳማ ነው የምኖረው። በሰፈራችን የቅርጫ ሰብሳቢ ከሆንኩ 16 ዓመት አለፈኝ። ገንዘብ የምሰበስበው፣ ገበያ ወርጄ ሰንጋ የምመርጠው፣ መደቡ ሲደለደል ዕጣ የማወጣው እኔ ነኝ። ከበዓል ውጭም ከጓደኞቼ ጋር በሳምንት ሁለት ሦስቴ ሥጋ ቤት እንገናኛለን። ቁርጥ እንበላለን፣ ቢራ እንጠጣለን። ከገና ወዲህ የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ሌሊት እያበጠ ያስጮኸኝ ጀመር። ሐኪሙ ሪህ ነው፣ ቀይ ሥጋ ቀንስ ብሎ መድኃኒት ሰጠኝ። ሁዳዴ ከገባ ግን አንድም ቀን አልተነሳብኝም። ድኛለሁ መሰለኝ። በዚህ ላይ ዩኒቨርሲቲ ያለችው ልጄ ለእረፍት መጥታ ‹አባዬ፣ ከእንግዲህ የበሬ ሥጋ አልበላም› አለችን። ምድርን ያሞቃል፣ እንስሳውም ይሠቃያል ትላለች። እናቷ አለቀሰች። አሁን ለፋሲካ 12 አባወራ እኔን እየጠበቀ ነው። ሰንጋውም ዘንድሮ ከመቶ ሺህ ብር በላይ ሆኗል። ቅርጫውን ብተወው ሰሰተ ይሉኛል። ብቀጥል ልጄ ታዝንብኛለች። ምን ይሻለኛል?
የቅርጫው ሰብሳቢ፣ ከአዳማ»

ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። ሦስት ጥያቄ ነው ያለው፦ የጣትዎ፣ የልጅዎና የጎረቤትዎ። ከጣትዎ ልጀምር፣ ፋሲካ ደርሷልና።

ጣትዎ ዝም ያለው ስለዳኑ አይደለም። ስለጾሙ ይመስለኛል። ሐኪሙ ቀንስ ያለዎትን ቀይ ሥጋ ጾሙ ከናካቴው አስቀርቶልዎታል። ቢራውም አብሮ ቀርቶ ከሆነ ደግሞ እጥፍ ጠቅሞዎታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥጋ ውስጥ፣ በተለይ ጉበትና ኩላሊት ውስጥ፣ ፒዩሪን የሚባል ነገር በብዛት አለ። ሰውነታችን ሲፈጨው ዩሪክ አሲድ ይሆናል። ኩላሊት ዩሪክ አሲዱን በሽንት ያወጣዋል። ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት ግን ደም ውስጥ ይጠራቀምና እንደ መርፌ የሾሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ሆኖ መገጣጠሚያ ውስጥ ይቀመጣል። የእግር አውራ ጣት ከሌላው ገላ ቀዝቀዝ ስለሚል እዚያ መቀመጥ ይወዳል። ሌሊት አንሶላ ሲነካዎት የሚያስጮኽዎት እሱ ነው። ቢራ በሁለት በኩል ይጎዳል፤ ራሱ ፒዩሪን አለበት፣ ኩላሊትም ዩሪክ አሲዱን እንዳያስወጣ ያደርጋል። ቁርጥና ቢራ አብረው ሲገቡ እንግዲህ ይታይዎት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት። «ሪህ ያለበት ሽሮም ምስርም አይብላ» ሲባል ሰምተው ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት አለ። ከ47 ሺህ በላይ ወንዶችን ለ12 ዓመት የተከታተለ ነው። ሥጋና የባሕር ምግብ የሚያበዙት ላይ ሪህ በዝቶ ተገኘ። ጥራጥሬና አትክልት የሚበሉት ላይ ግን አልጨመረም። ወተትና እርጎ የሚያዘወትሩት ላይ እንዲያውም ቀነሰ። ስለዚህ ሽሮዎን ሳይፈሩ ይብሉ።

የምፈራልዎት የፋሲካን ማግስት ነው። 55 ቀን የጾመ ሰውነት ላይ በአንድ ጀምበር ዱለት፣ ቁርጥ፣ ጥብስ፣ ጠጅና ድራፍት ሲወርድበት ጣትዎ ሰኞ ሌሊት እንደሚያስነሳዎት ከወዲሁ መገመት ይቻላል።

አሁን ስለ ሳምንቱ ሥጋ። ለሁለት ሰው አንድ ኪሎ ታዝዛላችሁ እንበል። በሳምንት ሦስቴ ከሆነ የእርስዎ ድርሻ ኪሎ ተኩል ነው፣ ቤት የሚበሉት ሳይቆጠር። የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ የሚመክረው በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ እንዳይታለፍ ነው። ጥሬው ሲመዘን ቢበዛ ወደ 700 ግራም ይሆናል። እርስዎ ከዚያ ከእጥፍ በላይ እየበሉ ነው ማለት ነው። ለምን ካንሰር እንደተነሳ ልንገርዎት። እ.ኤ.አ. በ2015 ከ10 አገሮች የመጡ 22 ባለሙያዎች ሊዮን በሚገኘው የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ተቋም ተሰብስበው ጥናቶቹን መረመሩ። እንደ ሞርታዴላና ቋሊማ ያለው የተቀነባበረ ሥጋ የአንጀት ካንሰር እንደሚያመጣ ማስረጃው በቂ ነው አሉ። ቀይ ሥጋን ደግሞ «ሳያመጣ አይቀርም» በሚለው መደብ አስቀመጡት። በቀን 100 ግራም ቀይ ሥጋ በተጨመረ ቁጥር አደጋው 17 በመቶ ሊጨምር ይችላል ብለዋል። ይህ ማለት ከመቶ ሰው 17ቱ ይታመማል ማለት አይደለም፤ የነበረው ትንሽ አደጋ በዚያ ያህል ከፍ ይላል ማለት ነው። አላስፈራራዎትም። ግን ዕድሜዎ ከ50 ያለፈ ሰው ነዎት፣ ማወቅ ይገባዎታል።

ይህን ሁሉ የምለው ለእርስዎ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሥጋ የሚቀምሰው ሁለቴ የሆነ የገጠር ሕፃን፣ ደም ያነሳት ነፍሰ ጡር፣ እነሱ ጥቂት ሥጋ ቢጨመርላቸው ነው የሚሻለው። አገራችን በነፍስ ወከፍ ሥጋ ከሚበሉት መጨረሻ ተርታ ናት። እኛ ከተማ ያለን፣ ኪሱ የሚፈቅድልን፣ የእነሱንም ድርሻ ደርበን እየበላን ነው።

የጥሬውን ነገር ሳልነካ ባልፍ ደግሞ ልቤ አይፈቅድም። ኮሶ በአገራችን ቀልድ ሆኖ ቀርቷል። «ሐበሻና ኮሶ» እያልን እንስቃለን። ትሉ ግን አንጀት ውስጥ ብዙ ሜትር ይረዝማል፣ ለዓመታትም ይቆያል። ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ በሬውን የሚያስይዘው ሰው ነው። ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሉ ሣሩ ላይ ይቀራል። በሬው ይግጠዋል። ጡንቻው ውስጥ የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነጭ ነገር ሆኖ ይቀመጣል። እኛ ጥሬውን ስንበላ መልሰን እንወስደዋለን። ቄራ ውስጥ መርማሪው የመንጋጋውን ሥጋ፣ ምላሱንና ልቡን ሰንጥቆ የሚያየው ይህንን ፍለጋ ነው። ጓሮ የሚታረድ የቅርጫ በሬ ግን መርማሪ አያየውም። ምርመራውም ቢሆን ጥቂት ፍሬ ብቻ ካለ ሊያመልጠው ይችላል። በደንብ ማብሰል ነው የሚያስተማምነው፤ ለብለብ አይበቃም።

ወደ ልጅዎ ልለፍ።

ልጅዎ የነገረችዎት እውነት ነው፣ ጋሼ። ፈረንጅ ያወጣው ፋሽን አድርገው አይዩባት። በሬ የበላው ሣር ሆዱ ውስጥ ሲብላላ ሜቴን የሚባል ጋዝ ይፈጠራል። በሬው ያገሳዋል። ጋዙ አየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ያህል ነው። ቢሆንም በመቶ ዓመት ሲሰላ ሙቀት የመያዝ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ስሌት ሰው ከሚለቀው በካይ ጋዝ 14.5 በመቶው ከእንስሳት እርባታ የመጣ ነው። ከዚያ ውስጥ ደግሞ 65 በመቶ ያህሉ የከብት ነው። እኛ ወደ 70 ሚሊዮን ከብት አለን፤ በአፍሪካ የሚስተካከለን የለም። አገራችን ራሷ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣችው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ከበሬ ሥጋ ወደ ዶሮ ማዘንበል አንዱ መፍትሔ እንደሆነ ጽፋለች።

ለልጅዎም የምነግራት አለኝ። የአማዞን ደን ተመንጥሮ በግጦሹ የሚደልበው በሬና የሐረርጌ ሰንጋ አንድ አይደሉም። የሐረርጌ ገበሬ ከማሳው የሳሳውን የማሽላ ቅጠልና አገዳ እየቆረጠ፣ ደጁ ላይ ያሰረውን በሬ በእጁ እያጎረሰ ነው የሚያደልበው። ያ በሬ አርሷል። እበቱ ማገዶም ማዳበሪያም ሆኗል። የበላው ሰው የማይበላውን ገለባ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የእኛ በሬ ቀስ ብሎ ስለሚያድግና ረጅም ዕድሜ ስለሚኖር ዕድሜውን ሙሉ ያገሳል። በሥጋው ኪሎ ሲካፈል የሚለቀው ጋዝ ከዘመናዊው እርባታ ይበልጣል። ሁለቱም እውነት ነው።

የውኃውንም ነገር ሳትነግርዎት አልቀረችም። ለአንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ ከ15 ሺህ ሊትር በላይ ውኃ ይሄዳል የሚባለውን። ይህን ያሰሉት መስፍን መኮንን የሚባል ተመራማሪና ሆላንዳዊው አርየን ሁክስትራ ናቸው። የዓለም አማካይ ነው። ሰው ቁጥሩን ሲጠራ ግን የሚዘለው ነገር አለ፤ ከዚያ ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ሣርና መኖ ላይ የዘነበ ዝናብ ነው። ከቧንቧ የተቀዳ ውኃ አይደለም። እንዲያም ሆኖ በዚያው ስሌት ለአንድ ኪሎ ጥራጥሬ የሚበቃው ወደ 4 ሺህ ሊትር ነው።

እኔን ከቁጥሩ በላይ የሚያመኝ ቦረና ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሸፈ። ድርቁ በመታቸው አካባቢዎች በሚሊዮን የሚቆጠር ከብት አለቀ። የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀት ድርቁን እንዳባባሰው ተመራማሪዎች አሳይተዋል። አየሩን በማሞቅ እጁ ትንሽ የሆነው አርብቶ አደር ነው ከብቱን ያጣው። ልጅዎ «ምድርን ያሞቃል» ስትል እዚሁ አጠገባችን ስላለ ሰው ነው የምታወራው።

ስለ እንስሳው ሥቃይ ደግሞ ያየሁትን ልንገርዎት። ባለፈው ዓመት ከሐዋሳ ስመለስ ሞጆ ላይ ሻይ ልንጠጣ ቆምን። ከጎናችን በሬ የጫነ አይሱዙ ቆሞ ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። በሬዎቹ ተጣብቀው፣ ቀንዳቸው ከጎን ብረቱ ጋር በአጭር ገመድ ታስሮ፣ አረፋ እየደፈቁ ነው። አንዱ ወድቋል፤ ሌሎቹ እየረገጡት ነው። ረዳቱ ላይ ወጥቶ ጅራቱን ይጠመዝዘዋል፣ በዱላ ይጎሽመዋል። በሬው ሊነሳ ይሞክርና ተመልሶ ይወድቃል። ዓይኑ እኔ በኩል ነበር፣ ነጩ ብቻ ነው የሚታየው። «ውኃ ስጡአቸው እንጂ» ብል ሾፌሩ «እትዬ፣ ነገ ለሚታረድ?» አለኝ። የያዝኩትን ሻይ አልጨረስኩትም።

ሥጋ መብላት ኃጢአት ነው አልልዎትም፤ እኔም አልፎ አልፎ እበላለሁ። ግን በእኛ ወግ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የፈጣሪን ስም ሳይጠራ ቢላ አያነሳም። ነፍስ ነውና። «ነገ ለሚታረድ» ተብሎ ውኃ የሚከለከልበት ሥርዓት ግን ከማን እንደወረስነው አላውቅም። በሳምንት ሦስቴ ሥጋ ቤት ስንቀመጥ የዚያ መኪና ጉዞ በእኛ ገንዘብ ነው የሚሄደው። ልጅዎ ያመማት ይህ ይመስለኛል።

እንግዲህ ምክሬን ልስጥዎት።

ቅርጫውን አይተዉት። የሚተዉት የሳምንቱን ሥጋ ቤት ነው። እርስዎን የጎዳዎት በዓመት ሦስት አራቴ የሚታረደው በሬ ሳይሆን በየማክሰኞው፣ በየሐሙሱ የሚመጣው ኪሎ ነው። ቅርጫ ጎረቤት የሚተያይበት፣ ያለው ለሌለው የሚያበድርበት ነገር ነው። በእሱ ምትክ ሌላ የሚያገናኝ ነገር በቶሎ አይገኝም።

ጓደኞችዎንም እንዲያጡ አልፈልግም። ቀጠሮውን ወደ ረቡዕና ዓርብ አዙሩት። በዓለ ሃምሳ ካለፈ በኋላ ያን ቀን ሥጋ ይምጣ የሚል አይኖርም። ተጋቢኖ ሽሮ ወይም በየዓይነቱ ይዘዝ፣ ጨዋታው እንደሆነ ያው ነው። ለጓደኛ «ሐኪም ከልክሎኛል» ማለት ምንም አያሳፍርም። ከመካከላቸው ጣቱን እያሻሸ ዝም ያለ አንድ ሁለት ሰው አይጠፋም።

ሰብሳቢ ነዎት፣ ስለዚህ ሥርዓቱን ማስተካከል በእጅዎ ነው። ሰንጋውን በዋዜማው ተሯሩጠው አይግዙ። ሦስት አራት ቀን ቀደም ብለው፣ ከቅርብ ወረዳ የመጣውን ይግዙ። ጥላ ሥር ይታሰር፣ ውኃና ጭድ ይቅረብለት፣ ልጆች በድንጋይ አይጎንትሉት። ከተቻለ ቄራ ይታረድ፤ ሐኪም ያየዋል። ካልተቻለ የእንስሳት ሐኪም በጊዜ ቀጥራችሁ ሰፈር ድረስ እንዲመጣ አድርጉ፤ ለ12 አባወራ የሚከብድ ወጪ አይመስለኝም። ቢላው የተሳለ ይሁን፣ አራጁም እጁ የታወቀ። በሬው ቶሎ ነፍሱ ይውጣ። ይህን ሁሉ «ልጄ ብላኝ ነው» ብለው መናገር የለብዎትም፣ ቢናገሩም ግን ደስ ይለኛል።

«ሰሰተ» እንዳይባሉ ደግሞ አንድ መላ አለ። ሙሉ መደብ ይግቡ፣ እንደ ወትሮው። ግማሹን ዕጣ የማይደርሳት አቅም ያጣች ጎረቤት ቤት ይላኩት። በየሰፈሩ አንድ አትጠፋም። በዚያ ብር መደብ መግባት ያልቻለ ዘንድሮ ብዙ ነው።

ከልጅዎ ጋር ደግሞ አይከራከሩ። ሥጋ ወጥ ውስጥ የነካ ጭልፋ ሽሮዋ ውስጥ አይግባባት፣ በሥጋ መረቅ የተሠራ ነገር «የጾም ነው» ተብሎ አይቅረብላት። አንዴ ከተታለለች ከቤታችሁ ማዕድ ትሸሻለች። እናቷ ያለቀሰችው ለሥጋው አይመስለኝም። እናት ልጇን የምትወደው በማጉረስ ነው፤ እጄን መለሰችው ብላ ነው። ስለዚህ ልጅቱ ለፋሲካ የራሷን አንድ ወጥ ትሥራ፣ ምስር ክክም ይሁን እንጉዳይ ጥብስ፣ ለእናቷም ታጉርሳት። ያለችው የበሬ ሥጋ ብቻ ስለሆነ ዶሮ ወጡ ላይ ትገናኛላችሁ። ደሟ እንዳያንስ ምስር፣ ሽምብራና ጎመን በሎሚ ወይም በቲማቲም ትብላ፣ ቡናና ሻይ ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያህል ትቆይበት፤ ብረቱን ስለሚያስቀሩባት። እንቁላልና ወተትም አትተው።

ሰንጋ ልትገዙ ስትወርዱ ይዘዋት ይሂዱ። ትጠላው ይሆናል፣ እምቢ ካለች አያስገድዷት። ከመጣች ግን የትኛው እንደደከመ፣ የትኛው እንደተጎዳ ከእርስዎ ቀድማ ታያለች። በ16 ዓመት ሰብሳቢነትዎ ያላዩትን ልታሳይዎት ትችላለች።

ለራስዎ ደግሞ የፋሲካ ዕለት ዱለቱን ይለፉት፤ ጉበቱ ለጣትዎ ጠላት ነው። ከሥጋው የበሰለውን ትንሽ ይቅመሱ፣ ውኃ ያብዙ፣ ቢራና ጠጁን ለሌላው ይተዉ። ከበዓሉ በፊት አንድ ቀን ሄደው ዩሪክ አሲዱን በደም ያስለኩ። ሐኪሙ የሰጠዎትን መድኃኒትም «ጾሙ አድኖኛል» ብለው አቁመው ከሆነ፣ ወደ ገበያ ከመውረድዎ በፊት ሐኪሙን ያነጋግሩት።